ሲኒው ከእጄ ሲያመልጥ ማንም አልጠየቀኝም፦ ስለሚጥል በሽታ፣ ስለምርመራውና ስለመድኃኒቱ

የኮዬዋ
ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው የማታ ኪኒኔን ውጬ፣ ጀሪካኖቹን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ደርድሬ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ነው። ጀሪካኑ ከበሽታው ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

ዕድሜዬ 26 ነው፤ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሚጥል በሽታ አለብኝ። እነዚህን ሦስት ቃላት ሳላንገራግር ለመጻፍ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የጀመረው በሲኒ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ጠዋት ቡና የማቀራርበው እኔ ነበርኩ። ረከቦቱ ላይ ሲኒ ስደረድር፣ ሰው ከኋላ ክርኔን የመታኝ ይመስል እጄ ሳላዘው ብድግ ይላል፤ ሲኒው ግድግዳ ጋ ይደርሳል። ራሴን አልስትም፣ አያመኝም፣ የጀመርኩት ወሬ እንኳ አይቋረጥም። እናቴ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሲኒ ቆጥራለች። "የዚህች ልጅ እጅ ቅቤ ተቀብቷል" እየተባለ ተሳቀብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የጥርስ ብሩሽ አፍንጫዬን ሲወጋኝ ግን ብቻዬን ስለነበርኩ አልሳቅሁም። ረፋዱ ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ብርጭቆ ባጥብ አንድም አይሰበርም።

ትልቁ የመጣው በ17 ዓመቴ ነው። ለፈተና ብዬ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አድሬ በማግሥቱ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ወደቅሁ። የሆነውን የማውቀው ከሌሎች አፍ ነው። አንዷ ጎረቤት ክብሪት ጭራ አሸተተችኝ። አንዱ "ምላሷን ትውጣለች" ብሎ በጥርሶቼ መካከል ማንኪያ ሸነቆረ። የቀሩት ደግሞ አረፋው ከነካን ይተላለፍብናል ብለው አጥሩ ሥር ቆሙ። ምላስ አይዋጥም፤ በሽታውም አይተላለፍም። የፊት ጥርሴ ግን ተሸርፎ ቀርቷል፤ እስከ ዛሬ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ።

ከዚያ ሁለት ወር ጸበል ገባሁ። ክፉ አልናገርበትም፤ እናቴ እዚያ አልቅሳ ቀለል ብሏት ተመልሳለች። ከዚያ ሐኪም ቤት። ራሴ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢኢጂ የሚሉትን የአንጎል ምርመራ ግማሽ ሰዓት ያህል አነሡኝ፤ ውጤቱ "ጤናማ" ሆኖ ወጣ። "የፈተና ጭንቀት ነው" ተብዬ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ሌላ ሐኪም ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት ጀመረልኝ። እጄ ባሰበት። ቀድሞ በሳምንት አንድ ቀን የነበረው በየጠዋቱ ሆነ፤ አንዳንድ ቀን እግሬም ይከዳኝ ጀመር። ቀጠሮዬ ሲደርስ "አሁንም ትወድቂያለሽ?" ይሉኛል፤ "አልፎ አልፎ" እላለሁ፤ መጠኑን ይጨምራሉ። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ስለ እጄ አንድም ቀን አልተናገርኩም። ስለተሰበረ ሲኒ ለሐኪም የሚያወራ ማን ነው? እነርሱም አልጠየቁኝም።

አምና ታናሽ ወንድሜ ሊስቅብኝ ብሎ ቁርስ ስሠራ በስልኩ ቀረጸኝ። አርባ ሰከንድ የማትሞላ ናት። ዱቄት የያዘው ጎድጓዳ ሳሕን ብን ብሎ ሲሄድ፣ እኔ ነጭ በነጭ ሆኜ ስሳደብ ታሳያለች። አዲስ ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ቪዲዮውን ገና ሳናሳያቸው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ "ጠዋት ጠዋት ዕቃ ከእጅሽ ያመልጥሻል?"

እናቴ ከእኔ ቀደመች። "አሥራ አንድ ሲኒ!" አለች።

ሐኪሙ ሳቁ፤ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አዩ፤ ከዚያ ሳይስቁ አስረዱኝ። የወጣቶች ማዮክሎኒክ ኤፒለፕሲ ይባላል፤ እጅን ሳያዙት ብድግ የሚያደርግ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ይጀምራል፣ ከእንቅልፍ ሲነቁ ይበረታል፣ እንቅልፍ ማጣት ይቀሰቅሰዋል። ካርባማዜፒን ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ሆኖ ሳለ የእኔን ዓይነቱን ድንግጥግጥታ ያባብሰዋል። በጣም የሚያዋጣው ቫልፕሮኤት ነበር፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሊላክልኝ እንደሆነ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እናታቸው ቫልፕሮኤት እየወሰደች ከሚረገዙ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ አሉኝ፤ በትምህርት የሚቸገሩት ደግሞ ከዚያ ይበዛሉ። ስለዚህ ሌቬቲራሴታም ጀመርኩ፤ 500 ሚሊ ግራም ጠዋት፣ 500 ማታ። አምስት ወር ሆነኝ፤ አልወደቅሁም። ሲኒም ሁለት ብቻ ነው የሰበርኩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ። መድኃኒቱ አንዳንድ ወር ይጠፋል፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ ሦስት አራት መድኃኒት ቤት ዞሬ "አልቋል" ተብዬ ተመልሻለሁ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለተኛው፣ ጠባዬ ተለውጧል። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የታክሲ ረዳት ላይ የጮኽኩትን ሳስታውስ አፍራለሁ። ሐኪሙ ደግሞ "ስምንት ሰዓት ተኚ" ይሉኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ጀሪካን ልትሞላ ተነሥታ 11 ሰዓት የሠራተኛ ሰርቪስ የምትጠብቅ ሴት ስምንት ሰዓት ከየት ታምጣ? ጀሪካኑን ያነሣሁት ለዚህ ነበር። የመጨረሻው፦ እጮኛዬ ያውቃል፤ እናቱ አያውቁም።

የሰበታ እናት
ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4፡02

እህቴ፣ ያንቺን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የእኔ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። አትወድቅም፣ አረፋም የላትም። ግን እያወራች መሐል ላይ ቆም ትላለች፤ ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፤ አሥር ድረስ ሳልቆጥር ትመለስና ወሬዋን ካቆመችበት ትቀጥላለች። መምህሯ "ፈዛዛ ናት፣ ከፊት አስቀምጫታለሁ" አለችኝ። እኛም ቤት ውስጥ "ሕልመኛዋ" ነው የምንላት። ይህም ከዚያው ይሆን?

ከመስኮቱ ጀርባ
ኅዳር 5 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 1፡45

የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ "አልቋል" የሚለውን ቃል በቀን ስንቴ እንደምል አልቆጥርም። የኮዬዋ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኖ የሚታየውን ልንገርሽ።

ሰው ወደ እኛ የሚመጣው የመጨረሻዋን ፍሬ በዋጠ ማግሥት ነው። ለጉንፋን ይሁን፤ ለሚጥል በሽታ ግን ይህ አደገኛ ነው። አሥር ቀን ሲቀርሽ ፍለጋ ጀምሪ። ከመሄድሽ በፊት ደውዪ፤ በታክሲ መዞሩ ከመድኃኒቱ በላይ ያስወጣል። የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን አስቀድሚ፤ ዋጋቸው ብዙውን ጊዜ ይሻላል። ሐኪምሽ ማዘዣው ላይ የኩባንያውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን የራሱን ስም እንዲጽፉልሽ ጠይቂ፤ ያን ጊዜ የሕንዱም የሌላውም ካለ ይሰጥሻል። ነገር ግን ሳጥኑ በተለወጠ ቁጥር ስሙንና ሚሊ ግራሙን ራስሽ አንብቢ። "ያው ነው፣ ተመሳሳይ ነው" ብሎ ሌላ መድኃኒት የሚሰጥሽ ካለ አትቀበዪ።

አንድ የማውቀው ደንበኛ አለ፤ የገላን ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ሲዘገይበት ፌኖባርቢታሉን በምላጭ ለሁለት እየከፈለ ሁለት ሳምንት አዘገመው። ከዚያ አንዱን ማክሰኞ ጨርሶ አጣ። ሐሙስ ዕለት አንዱ ሳይለቀው ሌላው እየመጣበት ሆስፒታል ገባ። እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት ማቆም ከበሽታው የባሰ ሊጥል ይችላል። ገንዘብ ካጠረሽ ሳትቀንሺ ለሐኪሙ ተናገሪ፤ በርካሽ የሚተካ ነገር ሊኖር ይችላል፤ መቀየሩ ግን በሥርዓት ነው፣ አንዱ እየወጣ ሌላው እየገባ።

የቁጣሽን ነገር ደግሞ ከራስሽ ጠባይ አትቁጠሪው። ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ የታወቀ ነው። ለሐኪም ይነገራል፤ መጠን ይስተካከላል ወይም ይቀየራል። ከቁጣ አልፎ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይኬዳል።

ጸበልተኛዋ
ኅዳር 5 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 4፡30

ይህ ሁሉ ኪኒን ምን ያደርጋል? ዓይነ ጥላ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁት አለ፤ ስድስት ወር እንጦጦ ጸበል ገብታ፣ ኪኒኗን ጥላ የዳነች። መድኃኒትና ጸበል አብረው አይሄዱም። እምነት ግማሽ የለውም።

ዲያቆኑ ከሱሉልታ
ኅዳር 5 ቀን 2017፣ ከቀኑ 6፡15

እህታችን፣ ስለ እምነትሽ አልከራከርሽም፤ እኔም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አልርቅም። "አብረው አይሄዱም" የምትዪውን ግን በሥጋዬ ከፍዬበታለሁ። ታላቅ ወንድሜ ይህንኑ ተብሎ ኪኒኑን ከጣለ በአራተኛው ቀን ጸበሉ አጠገብ ወድቆ ግንባሩን ድንጋይ መታው። ከዚያ ንስሐ አባታችን ጋ ወሰድኩት። አባ ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ? "መድኃኒቱንም የፈጠረ እርሱ ነው፤ ኪኒንህን በጸበሉ አወራርደው" አሉት። ይኸው ስድስት ዓመት ጠዋትና ማታ በጸበል ይውጠዋል። በጾም ቀንም በዚያው ፈቃድ ሰዓቱን አያሳልፍም። እርሱ ያቆመው ነገር ቢኖር ሌሊት ማኅሌት መቆም ነው፤ እንቅልፍ ሲያጣ ስለሚነሣበት በቅዳሴ ሰዓት ይመጣል። ማንም አልነቀፈውም።

ዘበኛው
ኅዳር 5 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡20

ልጆቼ፣ እኔ ለገጣፎ በጥበቃ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ፌኖባርቢታል ስወስድ 22 ዓመቴ ነው። ማታ አንዲት ፍሬ። ርካሽ ናት፣ ብዙ ጊዜም አትጠፋም። መጀመሪያ ላይ ዶሮ ሳይጮህ የምነሣው ሰውዬ እስከ ረፋድ እያንቀላፋሁ ሚስቴን አስቸገርኳት፤ ከዚያ ለመድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሳልወድቅ ኖርኩና "ድኛለሁ" ብዬ በራሴ ፈቃድ አቆምኳት። በሳምንቱ ከሰል ምድጃ ላይ ወደቅሁ። ግራ እጄ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው ምድጃችን ወደ ግድግዳ ጥግ ገብቶ በድንጋይ የተከለለው። ሥራ ላይ ደግሞ ለአለቃዬ ነገርኩት፤ የሌሊቱን ተረኛነት በቀን ቀየረልኝ። ሁሉም አለቃ እንደ እርሱ አይደለም፣ አውቃለሁ። ከእርሱ በፊት የነበረው በሰማ በሦስተኛው ቀን አሰናብቶኛል።

ጡረተኛ ጤና መኮንን
ኅዳር 6 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3፡00

የኮዬዋ ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉ ያስቆጣኝ ያ "ጤናማ" የተባለው የኢኢጂ ወረቀት ነው። ኢኢጂ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንጎል ያሳየውን ብቻ ነው የሚይዘው። በሽታው ካለባቸው ሰዎች መካከል በመጀመሪያው ምርመራ የሚታይባቸው ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱ "አላየሁም" ይላል እንጂ "የለም" አይልም። በሽታው የሚታወቀው በዋናነት ከወሬው ነው፤ ምን ሆነ፣ በስንት ሰዓት፣ ከመውደቅሽ በፊት ምን ተሰማሽ፣ ያየ ሰው ምን አየ። እናትሽ የቆጠሯቸው አሥራ አንድ ሲኒዎች ከማሽኑ በላይ መስክረዋል።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት ጠይቀው፣ ከ1,000 ሰው አምስት ያህሉ እንዳለበት አግኝተዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። በዚህ ሒሳብ 1,000 ሰው በሚኖርበት የኮንዶሚኒየም ሠፈር አምስት ሰው ማለት ነው። አንቺ ከአምስቱ አንዷ ነሽ፤ አራቱ በራቸውን ዘግተዋል።

ለዘበኛው ወንድሜ፦ የእርስዎ ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። አሮጌ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፉ ያስቸግራል፤ ሆኖም በእኛ አገር የስንቱን ቤት እንዳቆመ እኔ አውቃለሁ። ዋናው ማቋረጥ የለም። የጠባሳው ነገር አሳዝኖኛል፤ በሥራ ዘመኔ ያየሁት አብዛኛው የሚጥል በሽታ ጉዳት ከእሳት የመጣ ነበር።

የሰበታ እናት፣ ያልሽው ልጅ ፈዛዛ አትመስለኝም። ቀርጸሽ ውሰጂያት።

ቁርጥ ወዳዱ
ኅዳር 6 ቀን 2017፣ ከቀኑ 7፡40

ይቅርታ ካልሆነ ግን፣ ይህ በሽታ ጥሬ ሥጋ ከመብላት በኮሶ ይመጣል ሲሉ ሰምቼ ክትፎ ካቆምኩ ሦስት ወሬ ነው። ልክ ነኝ?

ጡረተኛ ጤና መኮንን
ኅዳር 6 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡05

ግማሹን ሰምተው ግማሹን ትተውታል። አንጎል ውስጥ ገብቶ የሚጥለው የአሳማ ኮሶ ትል እጭ ነው፤ እርሱም የሚመጣው ትሉ ያለበት ሰው እዳሪ ከበከለው ምግብና ውኃ ነው። የከብት ሥጋ ኮሶ ሆድ ያውካል እንጂ አንጎል አይገባም። ጥሬ ሥጋን ለኮሶው ሲሉ ቢተዉ አልቃወምም፤ ለሚጥል በሽታ ብለው ከሆነ ግን ያለ ጥፋትዎ ተቀጥተዋል።

ቁርጥ ወዳዱ
ኅዳር 6 ቀን 2017፣ ከቀኑ 8፡09

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ምሳ አልፎኛል።

ባለ ባጃጁ
ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 4፡50

ስሜንም ቦታዬንም አልናገርም። ቡራዩ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። እኔን በእንቅልፌ ነው የሚጥለኝ፤ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶብኛል፣ እርሱም ከዓመት በፊት። መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ለባለ ንብረቱ አልነገርኩም። ብናገር ቁልፉን ይቀበለኛል፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ፍረዱብኝ ብዬ ሳይሆን፣ የምናገርበት ቦታ ስላጣሁ ነው።

ከመስኮቱ ጀርባ
ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 5፡10

ወንድሜ፣ አልፈርድብህም፤ ግን አልዋሽህም። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሦስቱ ሰዎች ይህን አያውቁም። ለሐኪምህ "የምሠራው መንዳት ነው" ብለህ ታውቃለህ?

ባለ ባጃጁ
ኅዳር 7 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 5፡14

አላልኩም። "የቀን ሠራተኛ ነኝ" ነው ያልኩት።

ዘበኛው
ኅዳር 8 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 12፡40

ልጄ፣ እኔም ዋሽቼ አውቃለሁ። ያንተን ያህል ግን ሰው ጭኜ አልዋሸሁም። እዚህ ለገጣፎ የምጠብቀው ግቢ ባለቤት ሌላ ጥበቃ ይፈልጋሉ፤ የቀን ሥራ ነው። ደመወዙ ከባጃጅ ያንሳል፣ አልደብቅህም። በውስጥ መልእክት ጻፍልኝና አገናኝሃለሁ።

ነርስ ከቱሉ ዲምቱ
ኅዳር 8 ቀን 2017፣ ከቀኑ 7፡20

ማንም ስላላነሣው አንድ ነገር ልጨምር። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የሚባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አቅም ያዳክማሉ። ሁለቱንም በየፊናቸው በትክክል እየወሰዱ ሳያስቡት ያረገዙ ሴቶች እኔ ጋ መጥተዋል። የሦስት ወሩ መርፌና ማሕፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ችግር የለባቸውም። የኮዬዋ፣ ሌቬቲራሴታም በዚህ በኩል አያስቸግርሽም፤ መውለድ ስታስቢ ግን ከማርገዝሽ በፊት ፎሊክ አሲድ ስለመጀመር ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪ። እርጉዝ መሆንሽን ስታውቂ ደንግጠሽ ኪኒኑን እንዳታቆሚ።

ደግሞም አንድ ሰው ሲወድቅ ስታዩ፦ ክብሪቱን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ሹል ነገርና እሳት አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታግቡ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም ቤት። በፍርሃት ጊዜ አንድ ደቂቃ አሥር ደቂቃ ይመስላል፤ ስለዚህ ሰዓቱን በእውነት እዩት።

የኮዬዋ
ኅዳር 22 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2፡35

ዝም ያልኩት ንቄያችሁ አይደለም፤ የወር መዝጊያ ሒሳብ ይዞኝ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጸበልተኛዋንም ጭምር፤ ክፉ አስባ እንዳልጻፈች አውቃለሁ። ኪኒኔን ግን አልጥልም።

ስለ ቁጣዬ ለሐኪሙ ነገርኳቸው። መጠኑን ጥቂት ቀነሱልኝና ወንድሜ በየቀኑ እንዲመዘግብ አዘዙ። ወንድሜ ደግሞ ደስ ብሎት "ዛሬ ሁለት ጊዜ ተቆጥታለች፣ አንዱ ተገቢ ነበር" እያለ ይጽፋል።

ውኃው። እጮኛዬ ጽሑፌን አንብቦ ኖሯል። ቅዳሜ ዕለት ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጋር ትንሽ ሮቶ በጀርባቸው አዝለው አራት ፎቅ ወጡ። ተንሳፋፊ ቫልቭ ገጠሙለት፤ ውኃው ሲመጣ ራሱ ይሞላል፣ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት በልማድ 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ጨለማ ውስጥ ሲንፎለፎል ሰማሁትና ተመልሼ ተኛሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከታዘዙልኝ ነገሮች እንደዚያ ሮቶ የጠቀመኝ ጥቂት ነው ብል የምዋሽ አይመስለኝም።

እናቱ ጋ ሄድን። እኔው ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ ቡና እያፈሉ ሳለ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። "እማማ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ሲኒ እሰብራለሁ" ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የእኅታቸው ልጅ እንዲሁ ትወድቅ እንደነበረ፣ ጓዳ ተደብቃ እንዳደገች፣ ሠርግ ቤት ተወስዳ እንደማታውቅ ነገሩኝ። አሁን የለችም። "እኛ አጠፋን" አሉ። እሺ ይበሉ እምቢ ገና አላውቅም። ስወጣ ግን የጋን ክዳን የሚያህል ድፎ ዳቦ አስይዘውኛል።

የሰበታ እናት
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡30

የኮዬዋ፣ ጋሼ ጤና መኮንን፣ ሁላችሁም፤ እንደነገራችሁኝ ቀርጬ ወሰድኳት። ካርድ ለማውጣት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሰበታ ተነሣን። ወረፋው ሳይደርሰን ሁለት ቀን ተመልሰናል፤ ሦስተኛው ቀን ተሳካ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቪዲዮውን ካየች በኋላ ከጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ቀዳ፣ ጣት የምታህል ቁራጭ አድርጋ ልጄ አፍንጫ ፊት ያዘችው። "ይህ ወረቀት እንዳይቆም አድርገሽ ትነፊለሽ፤ እኔ በቃ እስክል" አለቻት። ልጄ ጨዋታ መስሏት ደስ አላት። ኡፍ፣ ኡፍ፣ ኡፍ። ወረቀቱ ይወዛወዛል። ሐኪሟ ሰዓቷን ታያለች። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱ ቀጥ አለ። አፏ ለመንፋት እንደሞጠሞጠ ቀርቷል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። ሐኪሟ በለሆሳስ "ሰማያዊ ወፍ" አለቻት። ልጄ አልሰማችም። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ከዚያ ኡፍ ብላ ቀጠለች፤ ወረቀቱም ተወዛወዘ። "ምን አልኩሽ?" ስትላት "በቃ እስክል አልሽኝ" አለች።

ሁለት ዓመት ሙሉ "ፈዛዛ" ስላት የኖርኩት እኔ ነኝ።

ይህም የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፣ የሚሻለው ኢቶሱክሲማይድ የሚባለው መድኃኒት ነው ብላ ጽፋልን ነበር፤ ዞረን ዞረን አጣነው። ስለዚህ ለጊዜው ቫልፕሮኤት ጀመረች። ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። በቀን አሥራ አምስት ቆጥሬ የነበረው ትናንት ሁለት ሆነ። ለመምህሯም ሄጄ ነገርኳት፤ አለቀሰች።

የኮዬዋ
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡48

እልልል! ግን እህቴ፣ ቫልፕሮኤት ስትዪ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒቱ ከጠቀማት ትውሰድ፣ አትንኪው። ይህ ዓይነቱ ብዙ ልጆችን ሲያድጉ ይተዋቸዋል ይባላል። ካልተዋት ግን አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ሲሞላት "ሴት ልጅ ናት፣ ይቀየር ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሟ ትቀየራለች፣ ካርዱ ይጠፋል፣ ማንም አያስታውስም። እኔ በ25 ዓመቴ ነው የተነገረኝ።

የሰበታ እናት
ታኅሣሥ 19 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3፡55

የቀጠሮ ካርዷ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት፤ "2021፣ ቫልፕሮኤት፣ ጠይቂ።" ልጄ ምንድን ነው ብላኝ ሳነብላት "እኔ ነኝ የምጠይቀው ወይስ አንቺ?" አለች። "ሁለታችንም" አልኳት።